አዚትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ሲታዘዝልዎ፦ ከምርመራ ክፍል እስከ መጨረሻዋ ክኒን

ወደ መድኃኒት ቤት ገብቶ «ያንን ለሦስት ቀን የሚዋጠውን ስጡኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚጠይቀው አዚትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ነው። አሞክሲሲሊን በቀን ሦስት ጊዜ ለሳምንት መዋጥ ያሰለቸው ሰው ይህን መድኃኒት ቢወደው አይገርምም፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሦስት ቀን ግልግል። ችግሩ የሚጀምረው የአወሳሰዱን ማጠር ከመድኃኒቱ ቀላልነት ስንቆጥረው ነው።

አዚትሮማይሲን በጥቂት ቀናት የሚያልቀው ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋሳት ስለሚገባና እዚያው ስለሚቆይ ነው። በሰውነት ውስጥ ካለው መጠን ግማሹ እስኪወገድ 68 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የመጨረሻዋን ክኒን ከዋጡ በኋላም መድኃኒቱ ለቀናት ሥራ ላይ ነው። ለፈውስ ይህ ጥሩ ነው። አለርጂ ወይም የልብ ምት መዛባት ካስከተለ ግን ክኒኑን ማቆም ብቻውን ወዲያው አይገላግልም። እንዲያውም የአለርጂው ምልክት በሕክምና ጠፍቶ፣ ማስታገሻው ሲቆም ተመልሶ የመጣባቸው ሕሙማን አሉ።

አዚትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የሚገኙበት የመድኃኒት ቤተሰብ ማክሮላይድ ይባላል። የመጀመሪያው ኤሪትሮማይሲን በፊሊፒንስ አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1952 ለአገልግሎት በቃ። አዚትሮማይሲን በ1980 በዛግሬብ፣ ክላሪትሮማይሲን ደግሞ በጃፓን ተሠሩ። የሦስቱም ሥራ አንድ ነው፤ ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል ይዘው ሥራ ያስፈቱታል። ቫይረስ እንዲህ ያለ የራሱ ክፍል ስለሌለው መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር አያገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ሦስቱንም «በጥንቃቄ የሚጠበቁ» ባላቸው ምድብ ውስጥ ያስቀመጣቸው ጀርሞች በቶሎ ስለሚላመዷቸው ነው።

መጀመሪያ፦ በሽታው የዚህ መድኃኒት መሆኑን ያረጋግጡ

ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመምና አብዛኛው የሰሞኑ ሳል በቫይረስ የሚመጡ ናቸው። በኮቪድ ወቅት አዚትሮማይሲን በየቤቱ ተከማችቶ ነበር፤ ኋላ ላይ የተደረጉ ትላልቅ ጥናቶች ግን ለኮቪድ ሕሙማን ጥቅም እንዳልሰጠ አሳይተዋል። ጉንፋን የያዘው ሰው ክኒኑን ውጦ በአራተኛው ቀን ቢሻለው፣ ባይውጥም በአራተኛው ቀን ይሻለው ነበር።

ማክሮላይዶች በትክክል የሚያስፈልጉባቸው ቦታዎች ግን ብዙ ናቸው፦ ትክትክ፣ አንዳንድ የሳንባ ምች ዓይነቶች፣ ትራኮማ፣ በሐኪም የተረጋገጠ ታይፎይድ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ እንዲሁም ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው የሚይዘው ኢንፌክሽን። ታይፎይድን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በዊዳል የደም ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ መድኃኒት መጀመር በአገራችን የተለመደ ቢሆንም ምርመራው ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ ቀድሞ የያዘዎትን ወይም ሌላ ኢንፌክሽንን ታይፎይድ ሊያስመስል ይችላል። «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም።

በስትሬፕቶኮከስ ለሚመጣ የቶንሲል ሕመም ደግሞ የመጀመሪያው ምርጫ አሁንም ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ነው። ይህ ሕመም በአግባቡ ሳይታከም ሲቀር በልጆች ላይ የቁርጥማት ትኩሳትና የልብ ቫልቭ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል፤ በኢትዮጵያ ብዙ ወጣት የልብ ሕሙማን የሚገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ማክሮላይድ የሚታዘዘው ልጁ የፔኒሲሊን አለርጂ ካለበት ነው። «ያኛው አጭር ስለሆነ ይሻላል» ተብሎ መለወጥ የለበትም።

ቀጥሎ፦ ለሐኪሙ የሚነገረው ነገር

ከመመሪያው ሁሉ ትልቁ ክፍል ይህ ነው። ማክሮላይድ ጤነኛ ወጣት ላይ ብዙ ጊዜ ከሆድ ቁርጠት ያለፈ ነገር አያመጣም። ከባድ ጉዳት በአብዛኛው የሚያደርሰው ቀድሞ ከነበረ የልብ ችግር ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ የመጀመሪያዋ ክኒን ከመዋጧ በፊት ያልቃል።

ከልብ እንጀምር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዚትሮማይሲን ለሞት የሚያደርስ የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 አስጠንቅቋል፤ በ2018 ደግሞ የልብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ክላሪትሮማይሲን ሲታዘዝ ጥንቃቄ እንዲደረግ አሳሰበ። አደጋው በጠቅላላው ሕዝብ ሲታይ አነስተኛ ነው። ነገር ግን ቀድሞ ራሱን ስቶ የወደቀ፣ የልብ ምቱ የሚዘገይ ወይም የሚዛባ፣ ከቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለ፣ ወይም በተቅማጥና በማስመለስ ብዛት ፖታሲየሙ የወረደ ሰው ይህንን ሳይናገር መድኃኒቱን መቀበል የለበትም። ሐኪሙ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ሊያዝ ወይም ሌላ መድኃኒት ሊመርጥ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሚወስዷቸው ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን መንገድ ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ የለመዱት የዘወትር ክኒን በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ከልክ በላይ እንደወሰዱት ይሆናል። አዚትሮማይሲን በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ሙሉ በሙሉ ነፃ ግን አይደለም። ብዙ ሰው ቤት ከሚገኙት ልጥቀስ።

የደም ግፊት መድኃኒቶቹ አምሎዲፒንና ኒፈዲፒን ከክላሪትሮማይሲን ወይም ከኤሪትሮማይሲን ጋር ሲወሰዱ ግፊቱን ከሚገባው በታች ሊያወርዱ፣ በአረጋውያን ላይ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። የኮሌስትሮል መድኃኒት የሆነው ሲምቫስታቲን ከሁለቱ ጋር ጨርሶ አይወሰድም፤ አቶርቫስታቲንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የስኳር ሕመምተኛ ግሊቤንክላማይድ ከክላሪትሮማይሲን ጋር ሲወስድ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን መጠኑ ከፍ ብሎ ያዞራል፣ ያንገዳግዳል። ለማይግሬን የሚሰጠው ኤርጎታሚን ከክላሪትሮማይሲንና ከኤሪትሮማይሲን ጋር የተከለከለ ነው፤ የእጅና የእግር የደም ሥሮችን እስከ ማጥበብ ይደርሳል። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላቸው ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ደም ሊፈሳቸው፣ የልብ መድኃኒቱን ዲጎክሲን የሚወስዱም መድኃኒቱ ሊበዛባቸው ይችላል፤ ለእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች አዚትሮማይሲንም ቢሆን ክትትል ይፈልጋል።

በቆላማ አካባቢ የሚኖር ሰው ደግሞ ይህን ያስታውስ፦ ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም እንደ ማክሮላይዶቹ የልብ ምትን የኤሌክትሪክ ሂደት ሊያራዝም ስለሚችል፣ ሁለቱን አንድ ላይ መጀመር የሐኪም ውሳኔ ነው። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ላሉ፣ ለአእምሮ ሕመም ሃሎፔሪዶል ወይም ክሎርፕሮማዚን ለሚወስዱ፣ ክሎሮኪን ለሚወስዱም እንዲሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስሙን ጮክ ብሎ መናገር ከከበደው ለሐኪሙ ብቻ በጽሑፍ ያሳይ፤ ከመደበቅ ይሻላል።

ሁሉንም ስም ማስታወስ አይጠበቅብዎትም። ባዶውን ማሸጊያ በፌስታል ይዘው ይሂዱ ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጥቁር አዝሙድ ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነም ይናገሩ።

ከዚህ ሌላ የሚነገሩት አጭር ናቸው፦ ቀድሞ አዚትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን ወስደው ሰውነትዎ ካበጠ፣ ካሳከከዎ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፤ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ፤ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ መድከም ካለብዎ፤ እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ። በእርግዝና ወቅት ክላሪትሮማይሲን ሌላ አማራጭ ከሌለ በቀር አይመረጥም። አራስ ልጅ የምታጠባ እናት ማክሮላይድ ከታዘዘላት፣ ሕፃኑ ከጠባ በኋላ በኃይል ወርውሮ የሚያስመልስ ከሆነ ቶሎ ወደ ሐኪም ትውሰደው።

መድኃኒት ቤት ሲደርሱ

ማዘዣውን ይዘው ይሂዱ። ያለ ማዘዣ የሚሸጥልዎ ሰው ውለታ የዋለልዎ አይምሰልዎ፤ ከላይ የዘረዘርኩትን ጥያቄ ሁሉ ዘሎታል።

መጀመሪያ በማሸጊያው ላይ በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን ዋና ስም ይፈልጉ። አንዱ አዚትሮማይሲን በልዩ ልዩ የንግድ ስም ይሸጣል። ሁለት ሐኪም ጋር የሄደ ሰው አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም ተቀብሎ ሁለቱንም ሊውጥ ይችላል። ቀጥሎ ጥንካሬውን፣ 250 ወይም 500 ሚሊ ግራም መሆኑን፣ ከማዘዣው ጋር ያስተያዩ።

ከዚያ የመጠቀሚያ ማብቂያ ቀኑን ይመልከቱ። እዚህ ላይ እኛን በተለይ የሚያጋጥም ወጥመድ አለ። ማሸጊያው ላይ ያለው ቀን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። «08/2025» ማለት ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. አበቃ ማለት ነው። በ2018 ዓ.ም. ይህን ቁጥር በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ከተጠራጠሩ የፋርማሲ ባለሙያውን በእኛ አቆጣጠር እንዲነግርዎ ይጠይቁ።

ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገር በማሸጊያው ላይ ያስጽፉ፦ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ። የቀኑን ብዛት ከጎረቤት አይውሰዱ። ለትራኮማ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰደው አዚትሮማይሲን ለሳንባ ምች ሦስት ወይም አምስት ቀን፣ ለታይፎይድ ብዙ ጊዜ ሰባት ቀን ይሰጣል። ክላሪትሮማይሲን ለጨጓራ ባክቴሪያ ሲታዘዝ ደግሞ 14 ቀን ሊደርስ ይችላል።

ቤት ውስጥ፦ መዋጥና ሰዓት መጠበቅ

አዚትሮማይሲን በክኒን ከሆነ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል፤ ሆድ ከረበሸዎ ከምግብ ጋር ይሁን። በካፕሱል ከሆነ ግን ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ክላሪትሮማይሲን ከምግብ ጋር ቢሆን ለሆድ ይቀላል። ወተት ቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ እንደሚያውከው እነዚህን አያውካቸውም። አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ግን የአዚትሮማይሲንን ወደ ደም መግባት ስለሚቀንስ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያራርቋቸው።

በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይውሰዱት። ክላሪትሮማይሲን በየ12 ሰዓቱ ሲታዘዝ የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ሥራውን ያቀልልዎታል፤ ጠዋት በ1 ሰዓት ከሆነ ማታም በ1 ሰዓት ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለወላጆቻቸው ሲያስረዱ ስድስት ሰዓት እንዳይዘሉ ይጠንቀቁ።

ጾመኛ ከሆኑ አዚትሮማይሲን ከአብዛኛው መድኃኒት ይመቻል፤ ከጾም በኋላ ወይም ከአፍጥር በኋላ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መውሰድ ይቻላል። በየ12 ሰዓቱ የሚወሰደውን ወደ አንድ ጊዜ ማጠፍ ግን አይቻልም፤ ያን ጊዜ ከሐኪምዎና ከነፍስ አባትዎ ወይም ከሃይማኖት መምህርዎ ጋር ይነጋገሩ። ወደ ጠበል የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

አንድ ጊዜ ከረሱ እንዳስታወሱ ይውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ የረሱትን ይተዉት፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይዋጡ። ከዋጡ በኋላ ወዲያው ካስመለሰዎ በራስዎ ሌላ ክኒን አይድገሙ፤ ለፋርማሲው ይደውሉ። ስለ አልኮል የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፦ ሜትሮኒዳዞል ከተባለው ሌላ መድኃኒት ጋር አልኮል እንደሚከለከለው ያህል የከፋ ነገር የለም። ግን ጉበትና ሆድ ሥራ በበዛባቸው ሰሞን አረቄ ምን ያደርጋል? ደግሞም የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምና ከክላሪትሮማይሲን ጋር ሜትሮኒዳዞልን ሊይዝ ስለሚችል፣ የተሰጠዎትን ሁሉ ሳያውቁ አይጠጡ።

ለልጅ ሲሆን

ለልጅ የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው። ልጁን ሳይመዝን መጠን የሚነግርዎትን አይመኑ። በአንዳንድ ኢንፌክሽኖች ሐኪም በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ያዛል እንበል፤ ልጁ 12 ኪሎ ከሆነ 120 ሚሊ ግራም ይሆናል። የሽሮፑ ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር 200 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ የሚሰጠው 3 ሚሊ ሊትር ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 100 የያዘ ከሆነ ግን 6 ሚሊ ሊትር ነው። ጠርሙሱ ሲለወጥ «ያው ሽሮፕ ነው» ብሎ የድሮውን ልክ መስጠት እጥፍ ወይም ግማሽ መስጠት ነው። የሻይ ማንኪያ እንደየቤቱ ይለያያል፤ መርፌ የሌለው መለኪያ ሲሪንጅ ይጠይቁ።

ዱቄቱ በውኃ የሚበጠበጥ ከሆነ ቢቻል ፋርማሲው ራሱ ይበጥብጥልዎ። ቤት ከሆነ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ድረስ ይጨምሩ፤ በየጊዜው ከመስጠትዎ በፊት በደንብ ይነቅንቁ። የክላሪትሮማይሲን ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ ይረጋል፣ መራራነቱም ይብሳል። የተረፈውን ለሌላ ጊዜ አያስቀምጡ። አንድ ወር ያልሞላው ሕፃን ትክትክ ከያዘው ኤሪትሮማይሲን የጨጓራ መውጫን የማጥበብ አደጋ ስላለው የሚመረጠው አዚትሮማይሲን ነው፤ ይህም በሆስፒታል ክትትል ይሁን።

የሚጠበቀውና የሚያስፈራው

ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠትና ቀለል ያለ ተቅማጥ የተለመዱ ናቸው። ኤሪትሮማይሲን በተለይ የጨጓራን እንቅስቃሴ ስለሚያፋጥን ቁርጠቱ ይበረታል። ክላሪትሮማይሲን የሚወስድ ሰው አፉ ብረት ብረት ቢለው አይደንግጥ፤ ሲጨርስ ይጠፋል። በነዚህ ምክንያት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

የሚከተሉት ግን አያዘገዩም። ፊት፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፤ የልብ ምት ከተዛባ፣ ራስን ካሳተ፤ ቆዳ ከተላጠ ወይም ውኃ ከቋጠረ፤ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት እንደ ኮካኮላ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ደም ያለበት ወይም የማያቋርጥ ተቅማጥም እንዲሁ፤ ይህኛው መድኃኒቱ ካለቀ ከሁለት ወር በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ለሐኪሙ «ባለፈው አንቲባዮቲክ ወስጄ ነበር» ማለትን አይርሱ፤ ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን በራስዎ አይውሰዱ። በሁለት ወይም ሦስት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ካልቀነሰም ተመልሰው ይታዩ። መድኃኒቱ የማይደርስበት ጀርም ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ ለብቻው

ለጉንፋን የተዋጠችው ሦስት ክኒን ዕዳዋን የምትጠይቀው እዚህ ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምና ለረጅም ጊዜ የቆመው በክላሪትሮማይሲን ላይ ነው፦ ከአሞክሲሲሊንና ከአሲድ መቀነሻ ጋር፣ በቀን ሁለት ጊዜ። አዚትሮማይሲን ግን የዚያው ቤተሰብ ነው። ከዓመታት በፊት ለጉሮሮ ሕመም በወሰዱት ጊዜ ጨጓራዎ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ባክቴሪያም ቀምሶታል፤ የተረፈው ከተላመደ ክላሪትሮማይሲን ዛሬ አይደርስበትም። ስለዚህ ሐኪሙ ይህን ሕክምና ሊያዝልዎ ሲል ቀድሞ ከሦስቱ ማንኛውንም መውሰድዎን ይንገሩት፤ ሌላ ጥምረት ሊመርጥ ይችላል።

ከጀመሩም ቀኑን ሙሉ ይጨርሱ። ቃጠሎው በሳምንት ስለቀለለ ማቆም የአሲድ መቀነሻውን ውጤት የባክቴሪያው ሞት አድርጎ መቁጠር ነው። መዳንዎን ለማረጋገጥ የሰገራ ምርመራ የሚደረገው አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ የአሲድ መቀነሻው ከቆመ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የደም ምርመራ ለዚህ አይሆንም፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» እያለ ይቀጥላል።

የተረፈውና በዘመቻ የሚሰጠው

በአማራ ክልልና በሌሎችም ትራኮማ በበዛባቸው አካባቢዎች አዚትሮማይሲን በዘመቻ ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መጠኑን በቁመት መለኪያ እንጨት ይወስናሉ፤ ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት የዓይን ቅባት ይሰጣል። ያ መጠን ለትራኮማ መከላከል የታሰበ አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው። እዚያው ፊታቸው ይዋጡት፤ ለሚመጣው ሳል ብለው በመቀነት ጫፍ አይቋጥሩት። የልብ ሕመም ካለብዎ ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ለዘመቻው ባለሙያም ይንገሩ።

በትክክል የወሰደ ሰው ቤት የሚተርፍ ክኒን አይኖርም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለውጦብዎት ከተረፈ ለመድኃኒት ቤቱ መልሰው ስለ አወጋገዱ ይጠይቁ፤ ሽንት ቤት ወይም ወንዝ ውስጥ አይጣሉት፣ ወደ አገር ቤት ለዘመድም አይላኩት። ማሸጊያውን ግን ፎቶ አንስተው የወሰዱበትን ቀንና የታዘዘበትን በሽታ ከሥሩ ይጻፉ። አለርጂ ከነበረዎ የመድኃኒቱን ዋና ስም በወረቀት ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ፤ ራስዎን ስተው ሆስፒታል ቢደርሱ የሚያነብልዎ ሰው ይኖራል።